ማርከሩን ለልጆቹ መልሱላቸው

በየዓመቱ ሰኔ 9 ቀን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ይከበራል። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል። ከማተሚያ ቤት የመጣ ባነር በሁለት ዛፎች መካከል ይወጠራል፤ በግርጌውም የለጋሾቹ አርማ እንደ ጄኔራል ሜዳልያ ተደርድሮ ይታያል። ልጆቹ ለቁመታቸው የማይመጥን ካናቴራ ለብሰው ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ። እንግዶቹ ከድንኳኑ ጥላ ሥር ሆነው ስለ ሕፃናት መብት ይናገራሉ። ለስላሳና ብስኩት ይታደላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ባነሩ ተጠቅልሎ መጋዘን ይገባል፤ ዕድል ከቀናው ደግሞ የዘበኛው ጎጆ እንዳያፈስ ጣሪያው ላይ ይለብሳል። ለዘበኛው እንኳን ጠቀመ እንላለን።

ለመሆኑ ይህ ቀን የማን ቀን ነው? በዚሁ ዕለት በ1968 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በሶዌቶ፣ የአፓርታይድ መንግሥት ትምህርታቸውን በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ ያወጣውን ትእዛዝ በመቃወም ተማሪዎች በሺህ እየሆኑ ወደ መንገድ ወጡ። ነገሩን የጀመሩት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አልነበሩም። አድማው ከሳምንታት በፊት የተነሣው በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ በተለይም ኦርላንዶ ምዕራብ በሚገኘው በፌፌኒ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ ይዘውት የወጡት ሰሌዳ በገዛ እጃቸው የተጻፈ ነበር፤ አፍሪካንስ ይውደም ይል ነበር። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት መካከል ሄክተር ፒተርሰን የ12 ዓመት ልጅ ነበር። መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቀኑን ለመታሰቢያቸው ሰየመው፤ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮም ይከበራል።

እንግዲህ ሰሌዳቸውን ራሳቸው ጽፈው ለወጡ ልጆች መታሰቢያ በሆነው ቀን፣ ለልጆች ትልልቅ ሰዎች የጻፉትን ሰሌዳ እናሸክማቸዋለን። ይህ ቀልድ ካልሆነ ቀልድ ምንድር ነው?

ከድንኳኑ ወደ ራሳችን ግቢ እንምጣ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲያችን ክበባት አንዳንዶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ፖስተር እንዲሠሩ ይረዳሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኛም ከመጀመሪያው ደግፈነዋል፣ ዛሬም እንደግፈዋለን። ጠባችን ከአሠራሩ ጋር ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። የክበቡ ሰው መፈክሮቹን በኪሱ ይዞ ይመጣል። ነጩ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ፊደሎቹ በእርሳስ ጠርዝ ጠርዛቸው ይነደፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ከለር ይታደልና «በሉ ቀቡ» ይባላሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 20 ፖስተር ይጠናቀቃል።

ጠዋት ተነሥታ ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ የአሠሪዋን ልጆች ቁርስ አብልታ፣ እየሮጠች የመጣች የ13 ዓመት ልጅ ጎንበስ ብላ «የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ይቁም» የሚለውን በቀይ ስትቀባ ታያላችሁ። ብዝበዛ ማለት ምን እንደሆነ ብትጠይቅ፣ ረዳቷ «መስመሩን እንዳታልፊ» ይላታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ጉዳዩ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ዝም ያለችውም እሷ ናት።

ይህ እርዳታ አይደለም። ይህ ልጆችን ቀለም ቀቢ አድርጎ መቅጠር ነው፤ ያውም ያለደመወዝ።

እስቲ ደግሞ መፈክሮቹን እንያቸው። የሴቶች እኩልነት ይረጋገጥ። ያለዕድሜ ጋብቻ ይወገድ። የሕፃናት መብት ይከበር። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም የሚቃወም አይገኝም። ችግሩም ይኸው ነው። ማን ያረጋግጥ? ማን ያስወግድ? ማን ያክብር? አማርኛችን ለዚህ እጅግ የተመቸ ግስ አለው፤ ይቁም፣ ይከበር፣ ይወገድ ሲባል አድራጊው ከቤቱ አይጠራም። ርእሰ መምህሩም፣ የወረዳው ሹምም፣ አባትም፣ የልጅቷ አሠሪም እያነበቡት «እውነት ነው፣ ይቁም እንጂ» ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ማንም ያልተጠራበት ስብሰባ ስለሆነ ቀሪ የሚባል የለበትም።

ከእኛ በፊት በዚህች አገር ዩኒቨርሲቲ የተማሩት እንዲህ አልጻፉም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ይዘውት የሄዱት መፈክር ሁለት ቃል ነበር፤ መሬት ለአራሹ። ግስ እንኳ የለውም። ነገር ግን ያቺ «ለ» የምትባል አንዲት ፊደል ከማን ወደ ማን የሚለውን ጥያቄ ሙሉውን ተሸክማዋለች፤ ለአራሹ ከተባለ ለማያርሰው አይደለም ማለት ነውና። ፓርላማ ውስጥ የተቀመጠው ባለርስት ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። (ከ10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ መሬቱ በርግጥ ለአራሹ ደረሰ ወይስ ለመንግሥት የሚለው ክርክር በሌላ እትም ይቆየን።) በ1958 ደግሞ የከተማይቱ ለማኞች ተለቅመው ሾላ በተባለው ሥፍራ መታጎራቸው በተሰማ ጊዜ ተማሪው ያነሣው ድህነት ወንጀል ነውን? የሚል ጥያቄ ነበር። ጥያቄ መልስ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ስምና አድራሻ አለው።

የእነዚያ መፈክሮች ወራሾች ነን እያልን በየመድረኩ እንኮራለን። ታዲያ ለትንንሾቹ ስናወርሳቸው ጥርሱን ለምን እናወልቀዋለን?

ስለዚህ ጉዳይ ከክበቡ ወንድሞችና እህቶች ጋር ተነጋግረናል። የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ልጆቹ ገና ናቸው ይላሉ፤ ንቃት የላቸውም፤ መስመሩን እኛ ካልሰጠናቸው አበባና ርግብ ሥለው ይመልሱልናል ይላሉ። አበባው እውነት ነው፤ አንክድም። ለአንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ባዶ ወረቀት ሰጥታችሁ ስለ ፍትሕ ሣል ብትሉት መጀመሪያ የሚሥለው ባንዲራ፣ ርግብና የተጨባበጡ እጆች ነው። ይህ ግን ከንቃት ማነስ የመጣ አይደለም። ከተወለደ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ያየው ፖስተር ይኸው ብቻ ነው፤ ትልልቆች የሚወዱትንም ያውቃል። ልጁ እየሰጣችሁ ያለው ከናንተው የተቀበለውን ነው።

ጥያቄውን ለወጥ አድርጉትና እዩት። ስለ ፍትሕ ሣል አትበሉት። በዚህ ግቢ ውስጥ ልክ ያልሆነ፣ ግን ሁሉም ለምዶት የተወው ነገር ምንድር ነው? ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም ዝም በሉ። ዝም ማለት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከባድ ሥራ መሆኑን እናውቃለን።

አንዲት የአማርኛ መምህርት ይህን ከእኛ በፊት አውቃዋለች። ተማሪዎቿን ስለ ትምህርት ቤታችሁ እንቆቅልሽ ሠርታችሁ ኑ አለቻቸው፤ እንቆቅልሽ መቼም የማያውቅ ልጅ የለም። አንዱ ልጅ ይዞ የመጣው ይህ ነበር፤ እንቆቅልሽ፤ ቀለም ይቀባል፣ ውሃ አይሰጥም፤ ምንድር ነው? የትምህርት ቤታችን ቧንቧ። ልጁ እንዳለው ቧንቧው እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰማያዊ ይቀባል፤ ውሃው ግን ከተቋረጠ ከርሟል። ይህ ልጅ ሰምና ወርቅ የተማረው ከቅኔ ቤት አይደለም፤ ጥማት አስተምሮታል። ከክፍሉ ልጆች ጋር ሆኖ ቧንቧውን በሰማያዊ፣ ባልዲውን በጥቁር ከሰል ሥለው፣ እንቆቅልሹን ከላይ፣ መልሱን ከታች ጽፈው ለጠፉት። የወላጅና የመምህራን ኅብረት በተሰበሰበ ዕለት ከፖስተሩ ፊት ያልቆመ ወላጅ አልነበረም። የትኛው የክበብ ሊቀ መንበር ነው ይህን መፈክር በኪሱ ይዞ ሊመጣ የሚችለው?

ልጆቹ የሚያውቁት ብዙ ነው። የሴቶች መጸዳጃ ቤት መዝጊያ እንደሌለው ያውቃሉ፤ በዚህም ምክንያት የትኞቹ ጓደኞቻቸው በወር ውስጥ አራት አምስት ቀን እንደሚቀሩ ያውቃሉ። ምሳ ሳይቋጥር መጥቶ በእረፍት ሰዓት ከሜዳው ዳር የሚቆመው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። በዊልቸር የሚሄደው ልጅ ቤተ መጻሕፍቱን በመስኮት ብቻ እንደሚያየው፣ ደረጃው ሦስት ብቻ መሆኑንም ያውቃሉ። እኛ የምናውቀው «መዋቅራዊ» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ይጠቅማል፤ ግን የሦስቱን ደረጃዎች ቁጥር የቆጠሩት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲው ሥራ የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። ሥራው ግን ሌላ ነው። ደረጃው ላይ መወጣጫ ለመሥራት የሚወስነው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ነው፣ ወረዳው ነው፣ ወይስ ከዚያ በላይ? ይህን የ13 ዓመት ልጅ ላያውቅ ይችላል፤ የሕግ ተማሪ ግን ማወቅ አለበት። አንድ መወጣጫ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ የምሕንድስና ተማሪ ቁጭ ብሎ ከልጆቹ ጋር ቢያሰላው፣ ፖስተሩ ላይ የሚወጣው ልመና መሆኑ ቀርቶ ሒሳብ ይሆናል። ሒሳብ ደግሞ በጭብጨባ አይታለፍም።

የእጅ ሥራውም ቢሆን ዕውቀት ይፈልጋል። ፖስተር ከ10 እርምጃ ላይ ሆኖ ካልተነበበ ደብዳቤ ነው። ፊደላችን ዓይን ያለው ፊደል ነው፤ በወፍራም ቀለም ሲጻፍ የ«መ» እና የ«ወ» ዓይን ይደፈንና ቃሉ ይታወራል። ይህን ለልጆች ማሳየት እርዳታ ነው፤ ቃሉን መቀየር ግን ቅሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የፓሪስ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸውን ይዘው ለሠራተኛው አድማ ፖስተር ያትሙ በነበረ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ንድፍ በጉባኤ ፊት አቅርበው ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ ሐሳቡ ትክክል ነውን? ፖስተሩስ ሐሳቡን በደንብ ይናገራልን? በፖስተሮቹም ላይ የሠሪው ስም አይጻፍም ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች ለ7ኛ ክፍል ተማሪ አይከብዱም። የሚከብዱት ሁለተኛውን ብቻ ለልጆች ትቶ የመጀመሪያውን ለራሱ ለሚያስቀር ረዳት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መምህራኑ እንመለስ። ከእነሱም መካከል «ልጆችን ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡብን» የሚሉን አሉ። ይህን የሚሉት ሁሉ ፈሪዎች ናቸው አንልም፤ ተማሪዎቻቸውን ከመውደድ የሚናገሩ አሉ። ነገር ግን ልጁ እኮ ገብቷል። ውሃ የሌለው ቧንቧ ፖለቲካ ነው፤ ልጁን ሳያስፈቅድ ጉሮሮው ድረስ ገብቷል። የተመድ የሕፃናት መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ በ12ኛው አንቀጽ ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ በ13ኛው ደግሞ ይህን በቃልም በጽሑፍም በሥነ ጥበብም ማድረግ እንደሚችል ደንግጓል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ውስጥ በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ያዛል። ይህ ሁሉ በስንት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተነቧል? በዚያው ክፍል ጥግ ላይ የቆመው አርጩሜስ የማን ነው?

ልጅ አይገባውም ለሚሉን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1965፣ አዮዋ ውስጥ በዴ ሞይን ከተማ ሜሪ ቤት ቲንከር የተባለች የ13 ዓመት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ትምህርት ቤት ገባች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ከትምህርት ታገደች። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1969 በ7 ድምፅ ለ2 ተፈረደላት። የምሳሌው ፍሬ ግን ፍርዱ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ብቻዋን አልቆመችም፤ ወላጆቿ አብረዋት ቆመዋል፣ ጠበቃ ቆሞላታል፣ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ክርክር የተሸከሙት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ጨርቁን ያሰረችው ልጅ ናት፤ ሸክሙን የተሸከሙት አዋቂዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መፈክሩን ትልቁ ይሰጣል፣ ዱላውን ትንሹ ይቀበላል።

የመምህራኑ ሥጋት እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ይህንንም ልናልፈው አንችልም። የዚህች አገር ታሪክ አስተምሮናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ግድግዳ ላይ ጻፉ፣ ወረቀት በተኑ ተብለው ከተገደሉት ወጣቶች መካከል ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ብዙ ነበሩ። መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 የተከፈተውን የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው፣ ግድግዳ ሞልቶ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ውስጥ ጢም ያላበቀለው ፊት ስንት እንደሆነ አይቷል። የመፈክሩን ቃል የመረጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነበር፤ በሌሊት ሙጫውን ይዞ የወጣው ልጁ ነበር። ዛሬ ያ ዘመን አይደለም፤ ቅጣቱም ያ አይደለም። የሥራ ክፍፍሉ ግን ያው እንዳይሆን እንፈራለን።

የምንፈራው ከሜዳ ተነሥተን አይደለም። ባለፈው ዓመት ስሙን በማንጠራው አንድ ትምህርት ቤት የሆነውን የክፍሉ ተማሪዎችና አንዲት መምህርት ነግረውናል። ከክበባቱ አንዱ፣ ስሙን ለጊዜው አንጽፍም፣ በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ቅዳሜ ፖስተር ያሠራል። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጣትን መፈክር ትታ በወረቀቷ ጀርባ ላይ አንድ አርጩሜ ሣለች፤ ከሥሩም «ይህ ዱላ የሒሳብ መልስ አያውቅም» ብላ ጻፈች። ከ20ዎቹ ውስጥ እውነተኛው ፖስተር እሱ ነበር። የክበቡ ሰዎችም ይህን ለማየት ዓይን አላጡም፤ አጨበጨቡላት፤ ልጅቷን ፖስተሯን አስይዘው ፎቶግራፍ አነሡ፤ ፖስተሩን በመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ለጠፉት፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አውቶቡሳቸው ውስጥ ገብተው እየዘፈኑ ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ፖስተሩ ተቀድዶ ተገኘ። ልጅቷ ከሰልፍ ተጠርታ ወጣችና ወላጅ አምጪ ተባለች። እናቷ የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ አንድ ቀን ከሥራ ከቀሩ የዚያ ቀን እንጀራ የለም። ልጅቷ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀርታ ቤት ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ያቺ መምህርት እጇን ይዛ ወደ ክፍል አስገባቻት፤ ስለዚህም መምህርቷ ራሷ ተወቅሳለች። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ከክበቡ የሄደ ሰው አልነበረም፤ የደወለም የለም። የክበቡ የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ግን የልጅቷ ፎቶግራፍ በሁለተኛው ገጽ ላይ ታትሟል፤ ፊቷ ይታያል፤ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ሆነናል» የሚል ጽሑፍም ከሥሩ አለ።

ድምፅ ለሌላቸው! ልጅቷ እኮ ተናግራ ነበር። ድምፅ ያጡት ሰኞ ጠዋት እነሱ ናቸው።

ከዚህ የተነሣ ሕፃናቱ አርጩሜውን ትተው አበባ ይሣሉ የሚል ሰው ቢኖር እንቃወመዋለን። የምንለው ሌላ ነው። አንድ ልጅ እንዲናገር የጋበዘ ሰው የንግግሩን ዋጋ አብሮ ሊከፍል ይገባዋል። ይህም ማለት ከቅዳሜው በፊት ከርእሰ መምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚለጠፍ፣ ለስንት ቀን እንደሚቆይ ተነጋግሮ በጽሑፍ መፈራረም ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ እምቢ ካለ እምቢታው የሚመጣው በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ነው፤ በ14 ዓመት ልጅ ላይ አይደለም። ፖስተሩ በክፍል ስም ይውጣ፤ የአንድ ልጅ ስም አይኑርበት፤ ፊትም አይነሣ። መምህር የሚወቅስ ነገር ከመጣ፣ መምህሩን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ሕጉን በቁጥሩ መጥራት እንደሚሻል ለልጆቹ መንገር ይገባል፤ አንቀጽ 36 ወላጅ አምጣ አይባልም። ከሁሉም በላይ ሰኞ መመለስ ነው። ቅዳሜ መሄድ ለማንም አይከብድም።

አንድ የክበብ አባል ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እንዲህ ከሆነ እኮ በዓመት አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው የምንደርሰው» አለን። እንግዲያው አንድ ይሁን። በ20 ትምህርት ቤት 400 ፖስተር ከሚቀባ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አንድ የመጸዳጃ ቤት መዝጊያ ቢገጠም እንመርጣለን። ከ1957 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየተላኩ ያስተማሩት ተማሪዎች በየሄዱበት አንድ ዓመት ሙሉ ይቀመጡ ነበር፤ የልጆቹን ስም፣ የአባቶቻቸውን ሥራ፣ የመንደሩን ዳኛ ጠባይ ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ ገጠሩ እኛን ለወጠን ብለው የተመለሱት በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። በሁለት ሰዓት የሚለወጥ ሰው ካለ ልብሱን የሚለውጥ ብቻ ነው።

መምህራንም ከዚህ ነገር ነጻ አይደሉም። በሥነ ትምህርትና በሥነ ጥበብ ክፍሎች የምታስተምሩ መምህሮቻችን፣ ተማሪዎቻችሁ ለልምምድ ወደ መካከለኛ ደረጃ ሲላኩ የምትሰጧቸው የነጥብ መመዘኛ ስንት ፖስተር ተሠራ የሚል ነው፣ ወይስ ልጆቹ ምን ጠየቁ፣ ማንስ መለሰላቸው የሚል? ነጥቡ የሚሰጠው ለወረቀቱ ብዛት እስከሆነ ድረስ ተለማማጁ በእርሳስ መንደፉን አይተውም፤ ይህን የሠራው ስንፍና ብቻ አይደለም።

በሚቀጥለው የኅብረቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለሰኔ 9 ባነር የተያዘው ገንዘብ ወረቀት፣ ቀለምና የአውቶቡስ ደርሶ መልስ እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን። ለአንድ ቅዳሜ ሳይሆን ለቅዳሜና ለሰኞ። ያቺ መምህርትም ፈቃደኛ ከሆነች መጥታ እንድትናገር ጠይቀናታል፤ እሷ ከማናችንም የተሻለ ታስረዳለች።

የልጅቷ ፎቶግራፍ ከክበቡ ሪፖርት እንዲወጣና ክበቡ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ እናቲቱን እንዲያነጋግር በደብዳቤ ጠይቀናል። ደብዳቤው ከደረሳቸው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን፤ መልስ ካልመጣም የደብዳቤውን ግልባጭ እናወጣለን።